ማንንም ሳንጥል ያለፍንበት ጥሎ ማለፍ

ኳስ መጫወት ያቆምኩት ጉልበቴ ስለደከመ አይደለም። ሰው እንደዚያ ይመስለዋል፤ እኔም ማስረዳቱ ሲታክተኝ አዎ ጉልበቴ ነው ብዬ አልፋለሁ። እውነቱ ግን ስላስጠላኝ ነው። ማስጠላት ስል መሰልቸት ወይም መናደድ ማለቴ አይደለም። የተበላሸ ወጥ ሳያውቁ ከጎረሱ በኋላ አፍ ውስጥ የሚቀረውን ነገር ነው የምለው፤ ውሃ ቢጎነጩበት የማይለቀውን።

የተወለድኩት ከኮተቤ በላይ፣ እንጦጦ ግርጌ ነው። አባቴ ገበሬ ነበሩ። ከተማው መጥቶ እስኪወስደው ድረስ እርሻችን ላይ ገብስና ባቄላ ይዘሩ ነበር። ከዚያ በኋላ መሪ አካባቢ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች ባንዱ በጥበቃነት ተቀጠሩ፤ ዛሬም እዚያው በር ላይ ናቸው። እቤት ውስጥ ኦሮምኛ እናወራለን፣ ከደጅ ስንወጣ አማርኛ። ስለ ኳስ ግን በሁለቱም አውርተን አናውቅም። አባቴ ትልቅ ሰው ቁምጣ ለብሶ ሲሮጥ ማየት ያሳፍራቸው ነበር መሰለኝ፣ ስጫወት አይተውኝ አያውቁም። እኔም ይምጡ ብያቸው አላውቅም።

ክለባችን ከዋናው ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ የሚጫወት ነበር። እኔ የመሃል ተከላካይ ነበርኩ፤ ከእድሜዬ የተነሳ ይሁን ከአፌ ቁጥብነት አላውቅም፣ አምበልም አድርገውኝ ነበር። ሜዳችን ከኮተቤ መንገድ ገባ ብሎ ነው። ባንድ በኩል የሲሚንቶ መቀመጫ አለው፣ በሌላው በኩል አጥር ብቻ። ዝናብ ሲጥል ጭቃ፣ ሲያባራ አቧራ ነው። ያም ሆኖ እወደው ነበር።

በዚያ ዓመት ለአገር አቀፉ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ የትንንሽ ክለቦችና የትልልቆቹ ስም ተደባልቆ ዕጣ ወጣ። ጥሎ ማለፍ እንደ ሊግ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ነጥብ አይለቀምበትም። አንድ ቀን ትጫወታለህ፣ ከጣልክ ታልፋለህ፣ ከወደቅህ ቤትህ ትገባለህ። ለትንሽ ክለብ ተጫዋች የዚህ ውድድር ጣዕሙ እሱ ላይ ነው። ስታዲየም የሚሞላ ቡድን አንተ ሜዳ ድረስ ይመጣል፣ በቴሌቪዥን የምታየው አጥቂ ፊትህ ይቆማል፣ ያን ቀን ከበረታህ ጥለኸው ታልፋለህ። ለእኛም የወጣልን እንደዚያ ያለ ትልቅ ክለብ ነበር።

አሰልጣኛችን ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ነበሩ። ኮች እንላቸዋለን። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ልብሳቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ስንሳሳት ከመቆጣት ይልቅ ፊሽካቸውን ከአፋቸው አውጥተው ዝም ብለው የሚያዩን ሰው። ዕጣው ከወጣ በኋላ ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ ያወጡን ጀመር። በባህር ዛፉ መሃል ሽቅብ እንሮጣለን፤ ሲበርደን ያስሮጡናል፣ ሲያልበን ያስሮጡናል። ከላይ ሆነን ወደ ታች ስናይ ሜዳችን የመዳፍ ያህል ትታያለች። በረኛችን የልብ ወዳጄ ነበር፤ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። እያለከለከ፣ የዚያ ትልቅ ክለብ አጥቂ ወደ ግራ እንደሚመታና በህልሙ ሳይቀር እንደሚያድንበት ይነግረኝ ነበር። እሱን በዚያ ጊዜ እንዳየሁት ነው ማስታወስ የምፈልገው፤ አይሆንልኝም እንጂ።

የጨዋታው ሳምንት አባቴን እንዲመጡ በድንገት ጠየቅኳቸው። ትልቅ ነገር ነው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ፈረቃቸውን ከባልደረባቸው ጋር ተቀያይረው እንደሚመጡ ነገሩኝ። መጡም። ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ኮት ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከፊት ረድፍ ተቀመጡ። ስንሟሟቅ በዓይኔ እፈልጋቸዋለሁ፤ እጃቸውን ከዘራው ላይ አደራርበው ያዩኛል። እጄን አነሳሁላቸው።

ተጋጣሚያችን ግን አልመጣም። ዳኛው ኳሷን በብብቱ ይዞ መሃል ሜዳ ቆመ። ረዳቶቹ ሰዓታቸውን አሥር ጊዜ ያያሉ። መንገድ ዘግቶባቸው ይሆናል ተባለ። አውቶቡሳቸው መገናኛ ጋ ታይቷል ያለም ነበር፣ ውሸት ነው። በኋላ እንደሰማነው ዋናው ሊግ ስላለቀ ተጫዋቾቻቸውን ለእረፍት በትነው ኖሯል። እኛን ለመግጠም ሰው መሰብሰብ ከበዳቸው። ይህን ለማንም በወጉ እንኳ አላስታወቁም። ሕጉ የሚፈቅደው ጊዜ ሲያልቅ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ጨዋታው በፎርፌ ተጠናቀቀ፣ ሦስት ለዜሮ አሸነፋችሁ ተባልን።

እኔ የሰፈሩ ሰው አዝኖ የሚበተን መስሎኝ ነበር። ቡድን መሪያችን ግን እጁን ዘርግቶ ወደ ሜዳ እየሮጠ ገባ። ቡድን መሪ ማለት አሰልጣኝ አይደለም፤ የክለቡን ጉዳይ የሚያስፈጽም፣ ትራንስፖርቱን፣ ወረቀቱን፣ ማሊያውን የሚይዝ ሰው ነው። የኛው ወጣት ነው፣ መልከ መልካም፣ ስልኩ ከእጁ የማይለይ። መሃል ሜዳ ተንበርክኮ መሬቱን ሳመ። ይህን ሲያይ መለከት የያዘው ደጋፊ ነፋ፣ ሌላው ጨፈረ፣ የተወሰኑ ሰዎች እኔን አንስተው ትከሻቸው ላይ አወጡኝ። አንዲት ኳስ አልነካሁም። ማሊያዬ ላይ የአቧራ ምልክት እንኳ አልነበረም። እላያቸው ላይ እንደ ጆንያ ሆኜ ሲያንገላቱኝ ከአባቴ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

ወደ ቤት ስንወጣ ብዙ ከተራመድን በኋላ አባቴ ሌሎቹ የት እንዳሉ ጠየቁኝ።

«አልመጡም፣ አባባ።»

«ታዲያ ማንን ነው ያሸነፋችሁት?»

ስለ ፎርፌ ሕግ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ኦሮምኛው ጠፋኝ፤ አማርኛውም ብዙ አልረዳኝም። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

በማግስቱ ቡድን መሪው ታላቁን ክለብ ሦስት ለዜሮ ረታን ብሎ በክለቡ ገጽ ላይ ለጥፏል። ከጽሑፉ ጋር ያለው የእኔ ፎቶ ነው። ከሌላ ጨዋታ የተወሰደ፣ አፌን ከፍቼ ስጮህ። ከላምበረት ወደ ኮተቤ ታክሲ ስሳፈር ረዳቱ ለይቶኝ፣ ጀግናው አምበል ብሎ ለተሳፋሪው አስተዋወቀኝ፤ ሂሳቤንም አልቀበልም አለ። አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው እግዜር ይባርክህ አሉኝ። በሚበር ታክሲ ውስጥ ስለ ፎርፌ ምን ይባላል? ወራጅ አልኩና ሳልደርስ ወረድኩ። የቀረውን በእግሬ ሄድኩት።

ቀጣዩ ሩብ ፍጻሜ ነበር። የደረሰን ቡድን ከወደ ሰሜን፣ ከአንዲት ትንሽ ከተማ የሚመጣ ነው። እንደኛው ከታችኛው ሊግ ይጫወታል፤ ግን እነሱ እዚያ የደረሱት ተጫውተው ነው፣ አንድ የዋናው ሊግ ክለብ በላባቸው ጥለው። ስለዚህ ደስ አለኝ። እነዚህ አይቀሩም፣ አሁን እውነተኛ ኳስ እንጫወታለን ብዬ ለበረኛው ነገርኩት። እሱም እንደኔው የተደሰተ መስሎኝ ነበር።

እውነትም አልቀሩም። መንገድ ተዘግቶባቸው፣ አውቶቡሳቸው ተበላሽቶ፣ ሌላ ቀይረው፣ የጨዋታው ዕለት ጠዋት ላምበረት ገቡ። አልጋ ቤት ገብተው ፊታቸውን ታጥበው በቀጥታ ወደ ሜዳ መጡ። አምበላቸውን ልብ ብዬ ያየሁት የሜዳው ቧንቧ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲጠጣ ነው። ቀጭን የመሃል ተጫዋች፣ ከንፈሩ የተሰነጣጠቀ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ። ቀና ሲል አየኝና ፈገግ ብሎ፣ ውሃችሁ ቀዝቃዛ ነው አለኝ። ከእንጦጦ የሚወርድ ነው አልኩት። ተጨባበጥን።

አንድ ችግር ግን ነበረባቸው። አውቶቡስ ሲቀይሩ ቴሴራ የያዘው ቦርሳ ተበላሽቶ በቆመው መኪና ላይ ቀርቶ ኖሯል። ቴሴራ የተጫዋቹ ስምና ፎቶ ያለበት የመጫወቻ ፈቃድ ነው፤ ዳኛ ያንን አይቶ ነው የሚያስገባው። የጨዋታው ኮሚሽነር የተረጋጉ ሰው ነበሩ። መታወቂያቸውን አንድ በአንድ አዩ፣ በስልካቸው የያዙትን የቴሴራቸውን ምስል አዩ፣ ከእኛም ከእነሱም ጋር ተነጋገሩ። በመጨረሻ የኛ ወገን ክስ እስካላስያዘ ድረስ ጨዋታውን ማካሄድ እንደሚቻል፣ ዋናውን ቴሴራ በቀጣዮቹ ቀናት እንዲያቀርቡ ወሰኑ። ክስ የሚያዘው ደግሞ በአምበሉ ፊርማ ነው። አባቴ ያን ቀንም መጥተው እዚያው ፊት ረድፍ ተቀምጠው ነበር። ሁለቱም ቡድኖች ሲሟሟቁ በትኩረት ያያሉ፤ አሁንስ ሰዎቹ መጡ ብለው ነው መሰለኝ ፊታቸው ፈካ ብሏል።

ቡድን መሪው ወደ መልበሻ ክፍል ጠራኝ። ኮችና በረኛው እዚያ ነበሩ። ወረቀት ዘረጋልኝ።

«ፈርም» አለኝ።

ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ክሱ ነው፤ ቴሴራ ስለሌላቸው ሦስት ለዜሮ ለኛ ይመዘገባል፣ ግማሽ ፍጻሜ ገባን ማለት ነው አለኝ። ሰዎቹ ከየት እንደመጡ፣ እንዴት እንደመጡ ነገርኩት፤ የሚያውቀውን ነው የነገርኩት። ደክመዋል፣ ሜዳ ላይም ልናሸንፋቸው እንችላለን አልኩት። እርግጠኛ ነገር እጃችን ላይ እያለ ለምን እንሞክራለን ብሎ ሳቀ።

«ልንጫወት አይደለም እንዴ የመጣነው?» አልኩት።

«ልናልፍ ነው የመጣነው» አለኝ።

አልፈርምም አልኩ። ኮች፣ ይህ ነገር ነውር ነው፣ ልጆቹን ያበላሻል አሉት። ይህ የአስተዳደር ጉዳይ ነው፣ እርስዎን አይመለከትም አላቸው። ኮች እሱን የሚያህሉ ልጆች ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከዚያ ወደኔ ተጠግቶ የአምበልነቱን ጨርቅ ከክንዴ ላይ ላጠው። የሰውነቱ ሽቶ፣ የጣቶቹ ልስላሴ ዛሬም ይታወሰኛል። ጨርቁን ለበረኛው ሰጠው። ወዳጄን አየሁት፤ እሱ ወረቀቱን ነበር የሚያየው። የቀኝ እጁን ጓንት በጥርሱ ጎትቶ አወለቀ፣ ፈረመ፣ ጓንቱን መልሶ አጠለቀ። ለማይደረግ ጨዋታ ጓንት አጠለቀ።

ኮሚሽነሩ ወረቀቱን ሲያነቡ ፊታቸው ጠቆረ። ሕግ ሕግ ነው፣ የሚያደርጉት አልነበራቸውም። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። እንግዶቹ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ለጨዋታው መጀመር የተነፋ መስሏቸው ቦታ ቦታቸውን የያዙ ነበሩ። ሲነገራቸው ከመሃከላቸው አንዱ መሬቱ ላይ ተቀመጠና ጫማውን መፍታት ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከትለው ተቀመጡ። አሰልጣኛቸው ወደኛ መጥቶ፣ እሺ ውጤቱ ይሁንላችሁ፣ በወዳጅነት እንኳ እንጫወት፣ ልጆቹ ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዘው ሳይጫወቱ አይመለሱ ብሎ ለመነ። ኮች ወዲያው እሺ አሉ። እኔም እሺ አልኩ። ቡድን መሪው ሜዳው ለሌላ ፕሮግራም ተይዟል አለና የሜዳውን ጠባቂ በሩን እንዲዘጋ አዘዘው። ምንም ፕሮግራም አልነበረም። ደጋፊው እንደ ባለፈው ጨፈረ። በዚያች ሰዓት ያን ጩኸት ስሰማ የገዛ ሰፈሬን ሰው ተጸየፍኩ፤ ከኔ ጋር ያደጉ፣ ቤታቸው ገብቼ የበላሁ ሰዎች ናቸው።

ከአባቴ ጋር ወደ ላይ ወጣን። በራችን ላይ ስንደርስ ሰዎቹ የት እንደሚያድሩ ጠየቁኝ። ላምበረት አልኩ። በልተው እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ።

«ነገ በጠዋት እንሸኛቸዋለን» አሉ። «ከሩቅ የመጣ ሰው ነው።»

በማግስቱ ዳቦና ሙዝ በፌስታል ይዘን ላምበረት መናኸሪያ ወረድን። ተሸካሚው ይጮሃል፣ ወያላው የከተማ ስም ይጠራል፣ ጭሱ አይጣል ነው። ተጫዋቾቹን ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። አባቴ እየዞሩ በአማርኛ ሰላም አሏቸው፤ አማርኛቸው ሲጨነቁ ይሰባበራል፣ ያን ጠዋት በጣም ተሰባበረ። አብዛኞቹ ተነስተው ተቀበሏቸው። አንዱ ግን እጁን አልዘረጋም፤ ፊቱን ወደ አውቶቡሱ አዞረ። አባቴ አልተቀየሙም፣ ድርሻውን አጠገቡ አስቀመጡለት።

እኔ አምበላቸው ፊት ቆምኩ። ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ይቅርታ ከሚለው በቀር ሁሉም ጠፋኝ። ሳይቆጣ አየኝ።

«አንተ እንዳልፈረምክ ሰምቻለሁ» አለኝ። «ማሊያው ግን አንድ ነው።»

ዳቦውን ተቀብሎኝ አመስግኖኝ ወደ አውቶቡሱ ገባ። እውነቱን ነው። ለዚህ ነው ቃሉ እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ። እኔ አልፈረምኩም ብዬ ራሴን ለማጽናናት በሞከርኩ ቁጥር ያ ማሊያ ትዝ ይለኛል። እቤት ገብቼ አጠብኩት፣ አሰጣሁት፣ ግን ልለብሰው ሳስብ ቆዳዬ ይሰቀጥጠኝ ጀመር።

በረኛው በዚያው ሳምንት እቤቴ መጣ። ልጅ ተወልዶለት ነበር፤ ውሉ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ነው፣ ቡድን መሪው ደግሞ ውል የሚያሳድስም የሚያቋርጥም ሰው ነው። ሌላ ምርጫ እንዳልነበረው ነገረኝ። እንደተረዳሁት ነገርኩት። በእርግጥም ተረድቼዋለሁ፤ የሚያበላው ቤተሰብ ያለው ሰው ነው። ግን አጠገቤ ሲቀመጥ ጉልበቱ ጉልበቴን ነካ፣ ሳላስበው ራቅ አልኩ። አየኝ። ሻይ ቀርቦለት ሳይጨርሰው ተነሳ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ስለ ልጁ እጠይቀዋለሁ፣ ስለ አባቴ ይጠይቀኛል። በዚያ ያበቃል።

ያን ጊዜ ማቆም ፈልጌ ነበር። ያስቀሩኝ ኮች ናቸው። ልምምድ ስቀር እቤት ድረስ ፈልገውኝ መጡ። ግማሽ ፍጻሜው በዋናው ሊግ ካሉት ኃይለኞች ከአንዱ ጋር፣ በስታዲየም ነው። እስካሁን በዚህ ውድድር አንድ ጊዜ እንኳ ኳስ አልነካንም፤ አንድ ጨዋታ እንጫወት፣ አምስት ለዜሮም ብንሸነፍ በወጉ እንሸነፍ፣ ከዚያ ወዲያ እኔም አርፋለሁ አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ልመና ሰምቼ አላውቅም። እሺ አልኳቸው። በማግስቱ እንጦጦ ላይ ነበርኩ። ክረምት እየገባ ስለነበር ጭጋጉ ዛፎቹ ላይ ተኝቷል፣ ጭቃው ያንሸራትታል። ተጫዋቾቹ ግን በደንብ ይሮጡ ነበር፤ ሁላችንም ውስጥ አፋችንን የምናጥብበት አንድ ጨዋታ የማግኘት ፍላጎት ነበር ብዬ አስባለሁ። በረኛውም ከማንም በላይ ይሮጥ ነበር።

የግማሽ ፍጻሜው ዕለት ጠዋት ቁርሳችንን በልተን ክለባችን በር ላይ ተሰበሰብን። አውቶቡሱ ቆሟል። ሹፌሩ ግን የመውጫ ትእዛዝ አልደረሰኝም ብሎ ሞተሩን አላስነሳም። ቡድን መሪው ስልክ አያነሳም። ቆምን፣ ተቀመጥን፣ እንደገና ቆምን። ኮች አሥር ጊዜ ወደ መንገዱ ወጥተው ተመለሱ። በመጨረሻ ቡድን መሪው አዲስ ቱታ ለብሶ፣ የተጨናነቀ ሰው መስሎ መጣ። ሰበሰበንና የክለቡ አመራር ተነጋግሮ ከውድድሩ ራሱን እንዳገለለ ነገረን። ትኩረታችን ወደ ዋናው ሊግ ማደግ ላይ መሆን አለበት፤ በዋንጫ ጨዋታ ተጫዋች ቢጎዳብን ኪሳራ ነው አለ። በሠራችሁት ታሪክ ክለቡ ይኮራል አለን። ፎርፌ አሁን እኛ ነበርን የምንሰጠው።

እውነተኛው ምክንያት ያን ቀን አልተነገረንም። በግማሽ ፍጻሜው ልንገጥመው የነበረው ክለብ ለከርሞ ተጫዋቾች ሊያውሰን ተስማምቷል ተባለ፤ ሌላም ሌላም ተባለ። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ልናገር። አዲሱ የውድድር ዓመት ሲጀመር ቡድን መሪያችን የዚያው ክለብ ቱታ ለብሶ ከነሱ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቴሌቪዥን አየሁት።

ኮች ያን ጠዋት ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ኪሳቸው ከተቱና የአውቶቡሱ መወጣጫ ላይ ቁጭ አሉ። ቡድን መሪው ግን አልጨረሰም ነበር። ማሊያ እንድንለብስ ነገረንና ፎቶ እንነሳ አለ፤ የግማሽ ፍጻሜ ተፋላሚዎች ተብሎ የሚለጠፍ ፎቶ። ተፋላሚዎች ነው ያለው። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ማሊያውን አወጣ፣ ሌላውም ተከተለው፣ በረኛው ጨርቁን ክንዱ ላይ አሰረ፣ ከፊት ተንበርክከው ከኋላ ቆመው ተደረደሩ። ቡድን መሪው የኮችን እጅ ጎትቶ አስነስቶ ጫፍ ላይ አቆማቸው። እሳቸውም ቆሙ፤ እኚያ ሰው ቆሙ። ፈገግ በሉ ሲላቸው አየሁ።  ከአውቶቡሱ ጀርባ ዞሬ፣ ለጨዋታው ብዬ በጠዋት የበላሁትን ሁሉ መለስኩት። አፌን በእጄ በያዝኩት ማሊያ ጠርጌ እዚያው ጎማው ሥር ጥዬው ወደ ቤቴ ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ለማንም ክለብ አልተጫወትኩም።

አሁን ኮተቤ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ስፖርት አስተምራለሁ። ኮች እቤታቸው ናቸው፤ አልፎ አልፎ እጠይቃቸዋለሁ። ስለ ሁሉ ነገር እናወራለን፣ ስለዚያ ፎቶ ግን አናነሳም። ክለቡ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ በመስታወት ተደርጎ ተሰቅሏል ይባላል። አላየሁትም፤ ማየትም አልፈልግም።

አባቴ ኳስ ማቆሜን ስነግራቸው ብዙ አልተከራከሩኝም። ጥቂት ቆይተው ግን እውነተኛ ጨዋታ አንድ ጊዜ ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ሁለት ጊዜ ሄደው አንዱንም አላዩማ። አንድ እሁድ የጋራዥ ሠራተኞችና የሚኒባስ ሹፌሮች የሚጋጠሙበት ክፍት ሜዳ ወሰድኳቸው። ቦርጫም ቦርጫም ሰዎች ናቸው፣ ማሊያቸው አይመሳሰልም፣ ዳኛው ተጠባባቂ ሹፌር ነው። አባቴ እስኪያልቅ ድረስ ቦታቸውን አልለቀቁም። አንዱ ሲወድቅ እሳቸውም ትንሽ ይነሳሉ። ሲያልቅ፣ የተሸነፉት ሰዎች ለምን ይስቃሉ ብለው ጠየቁኝ። ተጫውተዋላ አልኳቸው። ገባቸው መሰለኝ።

ባለፈው ሰሞን ለአባቴ ምሳቸውን ላደርስላቸው መሪ፣ ኮንዶሚኒየሙ ድረስ ሄጄ በሩ ላይ አብረን ቆመን ሳለ አንድ ጥሩ መኪና መጥቶ ቆመ። የወረደው ያው ቡድን መሪ ነው። ወፈር ብሏል። ከአንድ ወዳጁ ጋር ሊሸጥ የቀረበ ቤት ለማየት ነው የመጡት። ሲያየኝ እጁን ዘርግቶ መጣና አቀፈኝ፤ ያ ሽቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እጆቼን ወደ ታች እንደለቀቅኩ ቆምኩ። አላስተዋለም፣ ወይም ማስተዋል አልፈለገም። ትከሻዬን ይዞ ወደ ወዳጁ ዞሮ፣ በጥሎ ማለፉ ክለባችንን ግማሽ ፍጻሜ ያደረሰው አምበል ይኸውልህ አለው። ሰውየው ኳስ ወዳድ ነው መሰለኝ ፊቱ በራ። መጀመሪያ የደረሰንን ያን ትልቅ ክለብ ስንት ለስንት እንዳሸነፍነው ጠየቀኝ።

«አልተጫወትንም» አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቡድን መሪውም አብሮት ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ገቡ። እንዲህ ቀሎታል። እኔ ስንት ዓመት አፌ ውስጥ ያለውን እሱ መቼም ቀምሶት አያውቅም፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያስጠላኝ ይህ ነው።

አባቴ በሩን ከዘጉ በኋላ በኦሮምኛ፣ ያ ሰው ራሱ ኳስ ተጫውቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። አያውቅም አልኳቸው። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ምሳ ዕቃውን ከፈቱ፣ እንጀራውን ቆረሱና ጠጋ በል፣ ሳይቀዘቅዝ እንብላ አሉኝ። በሩ አጠገብ ባለው ቧንቧ ውሃ ትከሻዬን አብሼ፣ እጄንም ታጥቤ፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።